የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂና «ልዩ ፍጥረት» የምትለዋ ገጽ፦ እናስተምራት ወይስ እንዝለላት?

ሰላም ለሁላችሁ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይንከራተት፣ ጥያቄዬን በድጋሚ አስቀምጬ የተሰጡትን መልሶች በየተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ጽፌያለሁ። የራሴንም አስተያየት መሐል መሐል አስገብቻለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ ይህ ነው። በቀድሞው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ 4ኛው ምዕራፍ ዝግመተ ለውጥ ነው። ምዕራፉ ስለ ሕይወት አመጣጥ የተሰነዘሩ አስተሳሰቦችን ይዘረዝራል፦ ልዩ ፍጥረት (ፍጥረታትን ፈጣሪ ፈጠራቸው የሚለው)፣ ሕይወት ከሌለው ነገር በድንገት መገኘት፣ ሕይወት መነሻም የላትም የሚለው፣ ከሌላ የጠፈር አካል መጣች የሚለው፣ በመጨረሻም ኬሚካላዊ አመጣጥ። አምስቱም ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። መምህሩ አጥብቆ ካልለየለት ተማሪው አምስቱንም እንደ እኩል አማራጭ ይይዛቸዋል።

በሰሜን ሸዋ ዞናችን ይህን ገጽ ሦስት ዓይነት መምህር ሦስት ዓይነት ያደርገዋል። አንዱ ለፈተና አይመጣም ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ልዩ ፍጥረት ላይ ቆሞ ክፍለ ጊዜውን ወደ ስብከት ይቀይረዋል። ሦስተኛው ያሾፍበታል፤ ያውም ማተብ ያሰረችውን ልጅ እያየ። ሦስቱም ልክ አይደሉም ባይ ነኝ። ገጿን እናስተምራት፣ በሳይንስ አማራጭነት ግን አናቅርባት የሚል አቋም አለኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ይህን በተግባር እንዴት ያድርገው? ምን ይበል፣ ምን ይተው?

1. የመጀመሪያው መልስ የአንድ ሱፐርቫይዘር ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው ሕጉን አስቀመጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርም ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሰው የሚረሳው አንቀጽ 27ን ነው አሉ፤ ምእመናን የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል። ስለዚህ ሥነ ፍጥረት ቦታ አልተነፈገውም፤ ቦታው አብነት ትምህርት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ ነው። ቀጥለው ያሉት ለሦስተኛው ዓይነት መምህር ይሆናል፦ አንቀጽ 11 ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። መምህሩ በመንግሥት ደመወዝ መስበክ እንደማይችል ሁሉ፣ በመንግሥት ደመወዝ የልጁን እምነት ማንቋሸሽም አይችልም።

2. ከመንዝ የሚጽፉ ወላጅ በአክብሮት ተቃወሙ። ግብር ከፋዩ አማኝ ሆኖ ሳለ ልጁ ከቤቱ ትምህርት የሚቃረን ነገር ብቻ ለምን ይሰማል የሚል ነው ሐሳባቸው። ለዝግመተ ለውጥም ለሥነ ፍጥረትም እኩል ክፍለ ጊዜ ይሰጥ፣ ልጁ አመዛዝኖ ይምረጥ አሉ። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነውና ማንም ሊንቀው አይገባም።

3. ይህ መልስ ከክሩ ሁሉ አንኳሩ ይመስለኛል። መላሹ አብነት ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ኋላም ባዮሎጂ ያስተማሩ እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። 2ኛውን መላሽ ካመሰገኑ በኋላ አንድ ጥያቄ መለሱላቸው፦ የትኛው ሥነ ፍጥረት? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ፍጥረታት በስድስት ቀን ሃያ ሁለት ናቸው። እሑድ ስምንት፦ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን። ሰኞ አንድ፣ እሱም ጠፈር። ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ከሰው ጋር አራት። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደትም 5500 ዘመን ይቆጠራል። አሁን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቪዲዮ ግን ዓለም 6,000 ዓመቷ ነው ይላል። ይህ ቁጥር የእኛ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ኡሸር የዕብራይስጡን ንባብ ተከትሎ፣ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ተፈጠረች ብሎ ካሰላው የሚወርድ ነው። የእኛ ቆጠራ የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ይከተላል። በሁለቱ መካከል የ1,500 ዓመት ያህል ልዩነት አለ። እኩል ክፍለ ጊዜ ይሰጥ ከተባለ መምህሩ 6,000 ይበል ወይስ 7,500? የሸዋ ሮቢትና የኤፍራታ ሙስሊም ልጅስ? በእስልምና የዓለም ዕድሜ በዓመት ተቆጥሮ አልተቀመጠም። አንዱን የመረጠ መምህር የሌሎቹን ቤት ትምህርት በመንግሥት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሐሰት አደረገው ማለት ነው።

ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሥነ ፍጥረትን ትምህርት ከባዮሎጂ ክፍል ውጭ ማቆየት ከማንም በላይ የሚጠቅመው ራሱን ሃይማኖቱን ነው፤ በማያውቀው መምህር አፍ ተቆራርጦ አይነገርምና።

4. ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሌላ ሰው ገብተው በ3ኛው ላይ ጨመሩ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ዓመተ ዓለም ማግኘት ነው፤ ለ2017 ዓ.ም. 7517 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ አንድ ይተርፋል፣ አንድ ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ከዚያ መደብ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያሉ ረጅም ስሌት ሠሩ። ከርዕሱ ወጣ ብለዋል፤ ነጥባቸው ግን ቆጠራው በዓልና ጾም ለማውጣት የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ የድንጋይ ዕድሜ መለኪያ አድርጎ መሟገቻ ማድረግ ከሥራው ውጭ ማዋል ነው የሚል ነበር።

5. አንድ የሕግ ሰው ወደ አሜሪካ ወሰዱን። ክርክሩ የጦፈው እዚያ ነውና የተሞከረውን እንወቅ ብለው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቴኔሲ ዝግመተ ለውጥ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመት ስኮፕስ የተባለው መምህር በዴይተን ከተማ ተከሶ 100 ዶላር ተቀጣ፣ ቅጣቱ በ1927 በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሻረ። በ1968 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአርካንሳስን ክልከላ ሻረ። ሉዊዚያና በ1981 ዝግመተ ለውጥን ያስተማረ ሥነ ፍጥረትንም እኩል ያስተምር የሚል ሕግ አወጣች፤ በ1987 በ7 ለ2 ድምፅ ወደቀ። ከዚያ ስሙ ተቀይሮ «ብልህ ንድፍ» ሆነ፤ ሕይወትን አዋቂ አካል ነደፋት የሚል ነው። ፔንሲልቬንያ ዶቨር ላይ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ለ9ኛ ክፍል ስለዚሁ ንድፍ አጭር መግለጫ እንዲነበብ ወሰነ፤ የሳይንስ መምህራኑ አናነብም ስላሉ አስተዳዳሪዎች ገብተው አነበቡት። 11 ወላጆች ከሰሱ። ዳኛ ጆን ጆንስ በታኅሣሥ 2005 ንድፉ ሃይማኖታዊ ሐሳብ እንጂ ሳይንስ አይደለም ሲሉ ወሰኑ፤ የትምህርት ቤቱ አስተዳደርም ለከሳሾች ጠበቆች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

6. ቀጣዩ መላሽ በ5ኛው ተቆጡ። የዴይተንና የዶቨር ፍርድ ደብረ ብርሃን ላይ አይሠራም፣ የራሳችን ሊቃውንት እያሉን የፈረንጅ ክስ መቁጠር ምን ይረባል አሉ። አያይዘውም የክሩን አቅጣጫ የቀየረ ነገር አነሱ፦ በጀማና በዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል ይገኛል፣ ይህ የኖኅ ዘመን ውኃ ደጋውን እንደሸፈነ የሚመሰክር ነው፣ ለምን ተማሪው ይህን አይሰማም?

7. 5ኛው መላሽ በአጭሩ፦ ፍርዱን ሕጋችን ነው ብዬ ሳይሆን ሁለቱም እኩል ይሰጡ የሚለው መንገድ ተሞክሮ ምን እንዳመጣ ለማሳየት ነው ያቀረብኩት ብለው ወጡ። በቂ ነው።

8. ስለ ዛጎሉ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ መለሱ፤ መልሱ ከመምህር እጅ ሊገባ የሚገባው ነው። ዛጎሉ እውነት አለ፣ ባሕርም ነበረ፣ እዚህ ድረስ 6ኛው ልክ ናቸው አሉ። ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ውሰዱ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ፤ የኖራው ድንጋይ 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ከኖራ ድንጋዩ በታች ደግሞ ጀሶ ያለበት ንጣፍ ይመጣል፣ ግርጌው ላይ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ። ቁልፉ ጀሶው ነው። ጀሶ የሚዘቅጠው የባሕር ውኃ በፀሐይ ተንኖ መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ ነው። 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውኃ ሙሉ በሙሉ ቢተን እንኳ የሚተወው ጀሶ 1 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ባሕር እየገባ እየደረቀ፣ እየገባ እየደረቀ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለበት። ዓለምን በሸፈነ አንድ ጎርፍ መሐል ውኃው ደርቆ ጀሶ ሊተው፣ ከዚያ በላዩ በመቶዎች ሜትር የሚለካ የኖራ ድንጋይ ሊጋገር አይችልም። ተማሪ ይዞ ለሚወርድ መምህርም ምክር ሰጡ፦ ጀሶው በጥፍር ይጫራል፣ የኖራ ድንጋዩ በጥፍር አይጫርም፤ የኖራ ድንጋዩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት ይፍለቀለቃል፣ ጀሶው ዝም ይላል። በዚህ ሁለት ምልክት ተማሪው ራሱ ንጣፉን ይለያል። ሎሚው ደካማ ስለሆነ ድንጋዩን መጀመሪያ ፋቅ አድርጎ ዱቄቱ ላይ መጭመቅ ነው፤ ያለዚያ ምንም የለም ብለው ይመለሳሉ።

9. አንድ አጭር መልስ፦ የሉሲ ዕድሜ በካርቦን ተለክቷል፣ ካርቦን ደግሞ ይሳሳታል፣ ስለዚህ 3.2 ሚሊዮን ዓመቱ ግምት ነው የሚል።

10. 8ኛው መላሽ ተመልሰው አረሙ። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ለሆነ ነገር አያገለግልም፣ በሉሲ ላይ ማንም አልሞከረውም። የተለካው አጥንቱም አይደለም፤ ሐዳር ላይ ከአጥንቱ በታችና በላይ ያሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ናቸው። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ወደ አርጎን ይለወጣል፤ በግማሽ የሚቀንሰው በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ማዕድኑ ቀልጦ ሲወጣ አርጎኑ ያመልጣል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጠራቀመው ይቆጠራል። መምህራን ራሳቸው ይህን ስለሚያደባልቁ ተማሪው በካርቦን ክርክር ይረታቸዋል አሉ። እውነት ነው፤ ይህን ስህተት በየመምህሩ ማስታወሻ ላይ ማየት ያሳዝናል።

11. እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። አንድ ተሳታፊ ሁለት ነገር ወረወሩ፦ የፒልትዳውን ሰው (እንግሊዝ ውስጥ የጥንት ሰው ቅሪት ተብሎ የቀረበው የሐሰት አጥንት) ማጭበርበር፣ ዳርዊንም በሞቱ አፋፍ ንስሐ መግባቱ። ሳይንቲስት ውሸታም ነው፣ ልጆቻችንን አታበላሹ ብለው ጨረሱ።

12. መልሱ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ነው። እውነቱ ላይ አልሳተም፦ ፒልትዳውን በእርግጥ ማጭበርበር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ቀርቦ በ1953 ተጋለጠ፤ ያጋለጡት ግን የአጥንቱን ፍሎሪን የለኩት ሳይንቲስቶች ናቸው። የዳርዊን ንስሐ የተባለው ወሬ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ በ1915 የታተመ ሲሆን ልጁ ሄንሪዬታ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ብላ ጽፋለች። እስከዚህ ደግ ነው። ከዚያ ግን ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዶ፣ ቄሶቹ ያደነቆሩህ እያለ ቀጠለ። የመድረኩ አስተባባሪ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንስቷል፣ አስተባባሪው ልክ ነው። ዳርዊን ንስሐ ቢገባስ? ገባም አልገባም የወባው ተውሳክ (17ኛው መልስ ላይ ይመጣል) መድኃኒት መልመዱን አይተውም፤ ክርክሩን ወደ ሰውየው ነፍስ መውሰድ በሁለቱም ወገን ከንቱ ነው።

13. አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር ሁለቱንም ገሠጹ። 12ኛውን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ይህ ቁጣ ከየት እንደመጣ አስረዱ። በንጉሡ ጊዜ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗ የመንግሥት ነበረች፤ ግብረ ገብም በትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። ደርግ ሲመጣ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በፖለቲካ ትምህርት ስም ገባ፤ በብዙ ወላጅ ጆሮ ዝግመተ ለውጥና ሃይማኖት የለሽነት አንድ ላይ የታሰሩት በዚያ ጊዜ ነው። ወላጁ ዛሬ የሚፈራው የዳርዊንን ሐሳብ ሳይሆን ካድሬውን ነው አሉ። ስለዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ ቋጠሮውን መፍታት ነው፦ የዘር ውርስን ሕግ በአተር ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዝግመተ ለውጥን ከዘረመል ጋር ካዋሐዱት አንዱ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነበር። ሁለቱን ስሞች በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ስብከት አይደለም፣ የታሪክ እውነት ነው።

ይህን ያነበበ ሰው መምህር እያሾፈ ማስተማር ለምን እንደሌለበት ይገባዋል።

14 እና 15. ከርዕሱ ወጡ። አንዱ ሉሲና ሰላም (የሕፃኗ ቅሪተ አካል) እ.ኤ.አ. በ2025 ፕራግ ለዕይታ መውጣታቸው ልክ አልነበረም አሉ፤ ሌላው ሉሲ ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ ቆይታ በደህና መመለሷን አስታወሱ። ለእኛ የሚጠቅመው መጨረሻ ላይ የተነገረው ነው፦ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ለተማሪ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ይህን ከመነሻው ለተማሪው መንገር ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያየሁት የውሸት ነው ብሎ ለሚመለስ ልጅ ከጉዞው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ይበልጣል።

16. ጓሳ አካባቢ ያሉ ሰው ስለ ጭላዳ ጻፉ። ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው አባባል መምህሩ ራሱ ሲለው እንደሚሰማ፣ ልጆቹም ጭላዳ እያዩ ይህ ታዲያ ለምን ሰው አልሆነም እንደሚሉ ነገሩን። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። የሰውና የቺምፓንዚ ሐረግ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተለያየ፤ ሁለቱም ከጭላዳ ወገን የተለዩት ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ጭላዳ ያልጨረሰ ሰው አይደለም፣ ሣር በመጋጥ ኑሮ የተካነ የራሱ ሐረግ ነው። የጭላዳ ዘመድ የሆኑ ዝንጀሮዎች ቅሪተ አካልም እዚያው ሐዳር፣ ሉሲ ከወጣችበት ደለል ተገኝቷል፤ በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። ይህን ሥዕል በሰሌዳ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሣሉ፣ ሰው እየቀና የሚሄድበትን የተለመደ ሰልፍ ግን አትሣሉ ብለው መከሩ።

17. ከሸዋ ሮቢት የጤና ባለሙያ፦ ተማሪው በዓይኑ ለሚያውቀው ነገር ሩቅ አገር አትሂዱ አሉ። ለፋልሲፋረም ወባ ክሎሮኪን ይሰጥ ነበር፤ ተውሳኩ ስለለመደው አገራችን እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እሱንም ስለለመደው በ2004 ወደ ኮአርተም ተሸጋገረች። ተውሳኩ አስቦ አልተለወጠም። መድኃኒቱን የሚቋቋም የዘረመል ለውጥ ያለው ተረፈ፣ ሌላው ሞተ፣ የተረፈው ተባዛ። አንድ የግብርና ባለሙያ ወዲያው የስንዴውን ዋግ ጨመሩበት፦ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ መታው። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ልጅ ይህን ከመምህሩ በላይ ያውቀዋል፤ አባቱ ዘር የሚቀይረው ለዚህ ነው።

18. ሙከራ የሚያሠሩ መምህር። ነጭ ቦሎቄ 50፣ ቀይ ቦሎቄ 50፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር ጥቁር ጨርቅ። አራት ተማሪ ዙሪያውን ይቆማል፤ እያንዳንዱ አንድ ፍሬ ለቅሞ ጣሳ ውስጥ ከትቶ ቀና ሳይል ሁለተኛውን አያነሳም። 50 ፍሬ ሲለቀም ይቆማል። ለተረፈው ለእያንዳንዱ የራሱን ቀለም አንድ ጨምሮ እንደገና 100 ማድረግ፣ ከዚያ መበተን። ሦስት ዙር። ነጩ በየዙሩ ይመነምናል። የሚበላሽበትን ቦታም ነገሩን፦ ተማሪው በእፍኝ ከዘገነ ቀለሙ ሥራ አይሠራም። በግቢው ጥቁር አፈር ላይ ከተሠራ ደግሞ አፈሩ ስለሚሰነጠቅ የሚተርፈው ስንጥቁ የደበቀው ይሆናል፤ ለዚህ ነው ጨርቁ ያስፈለገው። በ20 ፍሬ ከተሠራ አጋጣሚ ያሸንፋል። በመጨረሻ አንድ ጊዜ በነጭ ነጠላ ላይ መድገም፤ አሁን ቀዩ ይመነምናል። ተማሪው ቦሎቄው ቀለሙን ቀየረ ሲል መምህሩ አንዲት ፍሬ አንስቶ ያሳየው፤ የተቀየረው ድርሻው ነው።

19. ሌላ መምህር፣ ለመክፈቻው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ። ከአምስቱ አስተሳሰቦች ሁለተኛው፣ ሕይወት በድንገት ይገኛል የሚለው፣ ክፍል ውስጥ ሊፈተሽ ይችላል። ጣሊያናዊው ሐኪም ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ሥጋ በክፍትና በተሸፈነ ማሰሮ አስቀምጦ ትል የመጣው ዝንብ በገባበት ብቻ መሆኑን አሳየ። እኛ ዘንድ ግን ይህ ምዕራፍ ዐቢይ ጾም ላይ ሲውል ሥጋ ይዞ ክፍል መግባት ጠብ ያመጣል። ሙዝ ይበቃል። ሙዙን ልጦ፣ ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ እኩል ቆርጦ በሁለት ብልቃጥ ማድረግ፤ አንዱ ክፍት፣ ሌላው በሁለት ድርብ ሻሽ ተሸፍኖ በላስቲክ የታሰረ። ያልተላጠና ያልተነከረ ሙዝ ላይ ከሱቁ የመጣ የዝንብ እንቁላል ስለሚኖር የተሸፈነውም ትል ያወጣል፤ ያኔ ክፍሉ በሙሉ ሬዲ ተሳስቷል ብሎ ይወጣል። ነጠላ ሻሽም አይበቃም፣ የፍራፍሬ ዝንብ ጥቃቅን ናት። ሸዋ ሮቢት ላይ በ4 ወይም በ5 ቀን ትሉ ይታያል፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥለው የጻፉት ዋናው ነው። ለአምስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፦ ይህ ሐሳብ ስህተት ቢሆን ምን ዓይነት ነገር ባየን ነበር? ለድንገተኛው መገኘት መልሱ ብልቃጡ ውስጥ አለ። ለኬሚካላዊው አመጣጥ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 የሠራው ሙከራ አለ፤ አሚኖ አሲድ አስገኘ፣ ሕይወት ግን አላስገኘም፣ ይህንንም ሳይደብቁ መንገር። ለልዩ ፍጥረት ሲደረስ እንዲህ ብሎ የሚፈትነው ሙከራ የለም። እዚያ ላይ መምህሩ ያቆማል። ሐሰት ነው አይልም፣ እውነት ነውም አይልም፤ በዚህ ክፍል መሣሪያ የማይመዘን ስለሆነ ቦታው ሌላ ነው ይላል።

20. 2ኛው ወላጅ ተመለሱ። የወባውንና የዋጉን እቀበላለሁ፣ ስለ ሰው አመጣጥ ግን አልተቀበልኩም፣ አልቀበልምም አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጄን በክፍል ፊት አቁማችሁ ምን ታምናለህ አትበሉት። 3ኛው መላሽ ለዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ ብለው ወዲያው ጻፉ፤ ምዘናው ልጁ ሐሳቡን ማወቁን እንጂ ማመኑን ሊጠይቅ አይገባም አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

21. ስለ ፈተናው አንድ መምህር አስጠነቀቁ። ምርጫ ጥያቄ የሚመጣው እንዲህ የሚለው አስተሳሰብ የትኛው ነው በሚል መልክ ነው። ገጿን የዘለለ መምህር ተማሪውን ነጥብ ያስጥለዋል። ተማሪውም የሚያምንበትን ሳይሆን ሐሳቡ የሚለውን እንዲያጠቁር በልምምድ ጥያቄ ማስለመድ ነው።

22. ከመሐል ሜዳ የመጣው የጊዜ ገመድ። 46 ሜትር ሲባጎ፣ 1 ሜትር 100 ሚሊዮን ዓመት፤ ጠቅላላው የምድር ዕድሜ። የጀማው የኖራ ድንጋይ ከጫፉ 1.5 ሜትር ላይ፣ ባዛልቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ሉሲ 3.2 ሴንቲ ሜትር፣ የሄርቶው ሰው (አፋር ውስጥ የተገኘው የጥንት የእኛው ዝርያ ሰው ቅሪተ አካል) 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ይታሰራል። ክፍል ውስጥ አይበቃምና በሜዳ ይዘርጉት፤ ገመዱን በአሥር አሳጥረው 4.6 ሜትር ካደረጉት ሉሲ 3 ሚሊ ሜትር ሆና ቋጠሮው ራሱ ይውጣታል።

ያለኝን ዕቅድ በዚህ መሠረት አስተካክያለሁ። ለገጿ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፦ 10 ደቂቃ አምስቱ ምን ይላሉ፣ 15 ደቂቃ እያንዳንዱ በምን ይፈተሻል፣ 10 ደቂቃ ብልቃጦቹን መክፈት፣ 5 ደቂቃ ሁለት የምርጫ ጥያቄ። ቦሎቄውና ገመዱ በሚቀጥሉት ክፍለ ጊዜያት። በደጋው ያላችሁ ብልቃጡን ከሁለት ሳምንት በፊት አዘጋጁ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፣ ክፍቱና ሽፍኑ ጎን ለጎን ይሁኑ።